እንፋሎትና ጋፋት

ስቲምፐንክ ልቦለድ የምወደው ማሽኑ ስለማይደበቅ ነው። መዘውሩ፣ ቦይለሩ፣ ጭሱ ሁሉ በዓይን ይታያል፤ እንፋሎት ብቻውን ዓለምን ያሽከረክራል። አብዛኛው ታሪክ የሚቆመው በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነው። የኒሲ ሾል «ኤቨርፌር» ግን (2016 እ.ኤ.አ. የታተመ) ኮንጎ ገብቶ የቤልጅየሙን ንጉሥ የሊዮፖልድን ግፍ የሚጋፈጥ አዲስ አገር ይመሠርታል። እሱን ካነበብኩ ወዲህ ዓይኔ ወደ ቤት ዞረ።

እኛ ጋ እኮ ጋፋት አለ! አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ሰው በገመድ እየጎተተ፣ ቋጥኝ እየፈነቀለ መንገድ እየጠረገ መቅደላ አደረሰው። አሁን የያዝኩት አጭር ልቦለድ የተነሣው ከዚያ ነው፦ መድፉ በእንፋሎት ራሱን ችሎ ቢወጣስ? ገመድ መዳፉን የላጠው ገበሬ ያን ቀን ምን ይሠራ ነበር?

የምጽፈው በማለዳ ነው፣ ቡና ሳይፈላ፣ በእርሳስ። መጀመሪያ ማሽኑን እስለዋለሁ። ውሃው በየት ይገባል? እሳቱን ማን ይቆሰቁሳል? ለቆስቋሹ ስም ሳላወጣ አንድ መስመር አልጽፍም። የአሁኗ ቆስቋሽ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ገጽ በሚቀጥለው ሳምንት እለጥፍላችኋለሁ።