ሁለት ወንድማማች በአንዲት ሩር

ሰው ከዳኛ ፊት ቆሞ የማይማረውን ነገር አንዳንድ ጊዜ ከጨዋታ ሜዳ ይማራል። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሌላውን ሰው ሙግት ስጽፍ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የባዕድን ጠብ በጥሩ ቀለም መጻፍ ቀላል ሲሆን የራስን ጠብ አይቶ ማፈር ግን ከባድ መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው የገና ዕለት በአዘዞ ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብዬ ስለ አሰብሁ ለተከበሩት አንባቢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ታላቅ ወንድሜና እኔ አባታችን ትተውልን በሞቱት ግቢ ድንበር ላይ ስላሉት 11 የባሕር ዛፎች ተጣልተን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። እርሱ ከሳሽ፥ እኔ ተከሳሽ ነበርን። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ሁለት ጊዜ ቢቀመጡ እኔ የሕግ አንቀጽ እየጠቀስሁ አሳፍሬ መለስኋቸው። እናታችን ግን በዓል በመጣ ቍጥር ለሁለታችን የሚሆን እንጀራ እየጋገሩ ይጠብቁ ነበር።

በሰፈራችን ታኅሣሥ 29 ቀን ወጣቶቹ ሜዳውን ከመያዛቸው በፊት ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ጥቂት ገና ይጫወታሉ። ጨዋታው ጫፉ በተቈለመመ ዱላ ከእንጨት የተድበለበለችውን ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን ዳርቻ ማድረስ ነው። በዚያ ቀን ታናሽ ታላቁን፥ ሎሌም ጌታውን ቢያሸንፍ ቅያሜ የለም። ወገን ሲከፈል ግን በጉልበት የሚመጣጠኑ ሁለት ሰዎች ጥንድ ሆነው ይቀርቡና አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ ይመደባል። ወንድሜና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ ጥንድ ስለ ነበርን ዘወትር ባላጋሮች ነበርን ማለት ነው።

ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥቼ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ጎልፍ ስለሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ አንብቤ ነበር። ስኮትላንዶች እጅግ ስለ ወደዱት ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እንዳይተው ሲባል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1457 በሕግ ተከልክሎ ነበር። በአዲስ አበባም በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ሜዳ ተበጅቶለታል። በዚህ ጨዋታ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው የሚወዳደሩበት ሥርዐት አለ። ከሥርዐቶቹም በአንደኛው ጥንዶቹ አንዲት ኳስ ብቻ ይዘው በየተራ ይመታሉ። አንዱ ኳሷን ከቍጥቋጦ ውስጥ ቢጥላት ባልንጀራው ሳይነቅፍ ከወደቀችበት ላይ መምታት ዕዳው ነው።

ባለፈው ገና ወገን የሚከፍሉት አዛውንት ወንድሜንና እኔን አቁመው እንደ ልማዱ ሊለያዩን ሲሉ ይህ ትምህርት ትዝ አለኝ። በዚሁ በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ የተቀበሩት ዐፄ ሱስንዮስም ትዝ አሉኝ። በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. እልሃቸውን ትተው የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ንጉሥ ይህን ያህል ሲለቅ እኔ ስለ 11 ዛፍ መሟገቴ አሳፈረኝ።

«አባቴ፥ ዛሬስ አይለያዩን፤ ከአንድ ወገን ያድርጉን» አልሁ።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወንድሜም እሺ ወይም እንቢ ሳይል መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ሩሯን አጥብቄ ብመታት ከቦይ ውስጥ ገባች። እርሱ እያነከሰ ወርዶ፥ ዱላውን በጭቃው ውስጥ እየመረመረ፥ ሩሯን አውጥቶ ወደ ፊት መታት። ጕልበቱን እንደሚያመው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የክስ ማመልከቻውን ሳነብ ስለ ጕልበቱ የሚናገር ቃል አላገኘሁበትም ነበር።

ቀና ብሎም «አንተ ድሮም ወደ ቦይ ነበር የምትመታው» አለኝ።

«አያ፥ ድሮ የምታወጣልኝ አልነበርህማ» ብዬ መለስሁለት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ዕንባም መጣብን። በጨዋታው ተሸነፍን፤ ነገር ግን በማታው በእናታችን ቤት ከአንድ መሶብ በላን።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ በአንድ ቀን አልቋል ብዬ አላታልልህም። ዛፎቹ ዛሬም ከቦታቸው ቆመዋል፤ ድንበሩም ገና አልተለካም። ሆኖም ሙግታችንን ከችሎት አውጥተን ያሳፈርኋቸውን ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠይቄ ለእነርሱ ሰጠናቸው። ከዚህ የተማርሁት ይህን ነው፤ ወንድምህ ያበላሸው ነገር ቢኖር ጥፋቱን ከመቍጠር ይልቅ ሩሯን ከወደቀችበት አንሥተህ ወደ ፊት ምታለት። ነገ አንተም ወደ ቦይ መምታትህ አይቀርምና።