ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ፤ ስለሚሸት ውኃ

ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በለገሃርና በመስቀል ዐደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ መንገደኛ፥ ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ በየጣራውና በየብረት ማማው ላይ የተቀመጡትን ሮቶዎች ሳያይ አያልፍም። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ቤት ያለው ሁሉ በመጣበት ቀን ሞልቶ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ማኖር ግድ ሆኖበታል። ሮቶ ለመግዛት ዐቅም የሌለው በርሜልና ጀሪካን ይደረድራል። እኛም በዚህ መንገድ ስንመላለስ ከእናቶች አፍ አዘውትረን የምንሰማው «ውኃችን ሸተተ» የሚለውን አቤቱታ ነው።

ሰፈሩ ግን ለውኃ ነገር እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ ከፈላ ውኃ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል መዳኑ ሐምሌ 19 ቀን ይታሰባል። ከለገሃር አለፍ ሲሉ በስተግራ የሚቀረው ፍል ውኃም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው የወደዱት፥ በ1879 ዓ.ም. ለከተማዪቱ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ምንጭ ነው።

ዛሬ ከተማዪቱ የምትጠጣው ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፥ እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የግድቡ ውኃ ተጣርቶ ክሎሪን ይገባበታል፤ ከቧንቧው እንደ ወረደ መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ጠረን የዚሁ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጠረን ይጠላዋል። በእኛ አስተያየት ግን ጠረኑ የጠባቂ ድምፅ ነውና ሊያስፈራ አይገባም፤ የሚያሳስበውስ ጠባቂው ዝም ሲል ነው። ውኃው በሮቶ ውስጥ ለቀናት ሲቆም ክሎሪኑ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ከሥር የተጋደመው ጭቃ የተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል፤ ከዚያም የግም ሽታ ይመጣል።

ስለዚህ ወደ ባለሙያ ከመሮጥ በፊት ሽታው ከየት እንደ ሆነ መለየት ይገባል። በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ ወጥቶ ማሽተት ነው። በብርጭቆው ሽታ ከሌለ፥ ጥፋቱ የውኃው ሳይሆን የፍሳሽ መውረጃው ነው፤ በመውረጃው ጉሮሮ የሚቆመው ውኃ ሲደርቅ የቆሻሻው ትነት ወደ ቤት ይወጣልና ጥቂት ውኃ ማፍሰስ ይበቃል። የተበላሸ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታ በሙቁ ውኃ ብቻ ከተገኘ ምክንያቱ ቦይለሩ ነው፤ በውስጡ ብረቱ እንዳይዝግ የሚገባው የማግኒዥየም ዘንግ ከአንዳንድ ተሕዋስያን ጋራ ሲገናኝ ይህን ጠረን ያስነሣል። ቀዝቃዛውም ሙቁም ከሸተተ ግን ወደ ሮቶው መውጣት የማይቀር ነው። በውጭ አገር በመኪና ላይ ቤት ሠርተው የሚጓዙ ሰዎችም በዚሁ ነገር ይቸገራሉ፤ ታንካቸው ትንሽ፥ ጉዟቸው በፀሐይ፥ መኪናውም ወራት ሙሉ የሚቆም ነውና። እነርሱ የሚያደርጉትና እኛ የሚገባን አንድ ነው።

ሮቶውን አፍስሶ ጭቃውን በረጅም ብሩሽ መፈግፈግ፤ ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። ከዚያ በውኃ ሞልቶ፥ 5 በመቶ ክሎሪን ካለውና ሽቶ ካልተጨመረበት በረኪና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር መጨመር። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ የበረኪናው ጠረን እስኪደርስ ከፍቶ መዝጋትና እንዲሁ ማሳደር። በማግሥቱ ሁሉን አፍስሶ ጠረኑ እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው፤ እስከዚያ ከውኃው ማንም አይጠጣ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋራ መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይደረግ።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከተዛወሩት አንዳንዶቹ አዲሱ ቤት ሲገቡ ውኃው መሽተቱን ነግረውናል። ተዘግቶ በቆየ ቤት ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ የቆመውን ውኃ ለብዙ ደቂቃ ማፍሰስ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አያቶቻችን ለዕቃ ንጽሕና የነበራቸው ጥንቃቄ ከእኛ ይበልጣል። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ካላጠኑ ጠላ አይጠምቁበትም ነበር። እኛ ግን የዘይት ጀሪካን አንድ ጊዜ አለቅልቀን የመጠጥ ውኃ እንሞላበታለን። አሸዋ ጨምሮ መነቅነቅም የተለመደ ነው፤ እድፉን ያነሣል፥ ዳሩ ግን ፕላስቲኩን ስለሚጭረው ለሚቀጥለው እድፍ ጎጆ ያበጅለታል።

በቂርቆስ አንዲት አሮጊት እናት በአንድ ወቅት በጭንቀት አነጋገሩን። «መምህር፥ ጠበሉ ሸተተኝ፤ በኃጢአቴ ይሆን?» አሉን። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበል መጠጣት ትተዋል። «እናቴ፥ እስኪ ዕቃውን ያሳዩን» ብለን ብናይ፥ አሮጌ የዘይት ጀሪካን በመስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡም አረንጓዴ ለብሷል። የኢያሪኮ ሰዎች ስለ ውኃቸው ክፋት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ባመለከቱ ጊዜ እርሱ አዲስ ዕቃ ማስመጣቱን አስታወስናቸው። የጨውና የምንጩ ፈውስ የተአምር ነው፤ የዕቃው አዲስነት ግን ለማንም ቤት ይሆናል። ሴትዮዋም የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ያን ጠበል እግር በማይረግጠው ስፍራ ከዛፍ ሥር አፈሰሱት፤ አሁን በሁለት ትናንሽ የታጠቡ ጠርሙሶች ጥቂት ጥቂት እያስመጡ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ያኖራሉ። የዘይቱ ጀሪካን ለልብስ ማጠቢያ ውኃ ተመድቦ በጓሮ ተቀምጧል።