ሦስት ሚሊ ሜትር

ልጅ ያሳደገ ሰው ያቺን ባለ ሦስት ቀለም ቀጭን መለኪያ አይረሳትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ግራ ክንድ ጠምጥማ የምታነባት ናት። አረንጓዴ ላይ ካረፈች እናትየው ፈገግ ትላለች፤ ቢጫ ከሆነ ምክርና ክትትል ይጀመራል፤ ቀይ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሳይውል ሳያድር ሕክምና መጀመር አለበት። እኛ ባለሙያዎቹ "ሙዋክ" እንላታለን። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእሷ የለካሁት ክንድ ስንት ሺህ እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው። እሷ ራሷ ተለክታ እንደምትሠራ በቅርብ ያየሁት ግን በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጁ የሚሠራው በአንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። እያተመ የሚቆርጥ ማሽን አላቸው። በአንድ በኩል ጥቅሉ ይገባል፤ በሌላ በኩል ታትሞና ቅርጹን ይዞ ተቆርጦ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የማር ማሰሮና የቡና ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር፣ የሠርግ ሰሞን ደግሞ የስጦታ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ስም ነው። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ድርጅት 4,000 የክንድ መለኪያ አዘዛቸው። ልጁም አሥር ያህሉን በፖስታ ይዞልኝ መጣ።

"አክስቴ፣ ያንቺ ዕቃ ነው፤ እስቲ እዪልኝ" አለ።

ቀለሙ ያምራል፤ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። እኔ ግን የድሮ ልማዴ አይለቀኝምና የብረት ማስመሪያዬን አወጣሁ። ከዜሮ ጀምሬ ቀዩ አልቆ ቢጫው እስከሚጀምርበት ስለካ 112 ሚሊ ሜትር ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ የተጻፈው ቁጥር 115 ነው። ሌሎቹንም ዘጠኙን ለካኋቸው፤ ያው ናቸው።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ ለሚል ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው መሠረት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለው ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። ከ115 እስከ 125 ያለው መካከለኛ ነው። ከ125 ጀምሮ ደህና ነው። እንግዲህ ክንዱ 113 የሆነ ልጅ በዚያች ባጠረች መለኪያ ሲለካ 116 ይነበባል። ቀይ መሆን የነበረበት ቢጫ ሆነ ማለት ነው። በቀይና በቢጫ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ለየቅል ነው። ቀይ የሆነው ልጅ ሌላ የጤና ችግር ከሌለበት ፕላምፒ ናትና ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በየሳምንቱም ይታያል። ቢጫ የሆነው እንደ አካባቢው ተጨማሪ ምግብ ሊያገኝ ይችላል፤ ብዙ ቦታ ግን እናቱ ስለ አመጋገብ ተመክራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እኔ በ1977ቱ ድርቅ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ነርስ ነበርኩ። ወሎ ውስጥ መጠለያ ተመደብኩ። ያኔ መለኪያችንን የምንቆርጠው ከተጣለ የራጅ ፊልም ነበር። ሐሳቡ የእኛ አይደለም፤ ሻኪር የሚባሉ ሐኪም ባግዳድ ውስጥ የሠሩበት፣ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከሞርሊ ጋር ሆነው ለዓለም ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። የራጅ ፊልም አይለጠጥም፣ ውኃ አይፈራም፣ ልጁንም አይከረክረውም። አለቃችን የነበሩት አንጋፋ ነርስ በየማለዳው መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ብረት ማስመሪያ ላይ እያስተኙ ያዩ ነበር። የልጆች መስቀያ ሚዛኑንም ባዶውን ሰቅለው ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያረጋግጡ ልጅ አያሰቅሉም። ሰልፉ ተራራውን ዞሮ እያዩት እንኳ አይቸኩሉም ነበር። ኋላ ሆስፒታል ስገባ የልብ ምት የሚመዘግበው ማሽንም እንዲሁ ሲያደርግ አየሁ፦ የሰውየውን ልብ ከመጻፉ በፊት ወይም ከጻፈ በኋላ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላት አራት ማዕዘን ወረቀቱ ላይ ያትማል። አራት ማዕዘኗ አጥራ ከታተመች ሐኪሙ ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ሳበልኝ። ነገሩን ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ። 600 ያህሉ ታትሞ አልቋል። ጥቅሉ ከውጭ የሚመጣ ፕላስቲክ ነክ ወረቀት ነው፤ የቤት ኪራይም አለበት።

"ሲስተር፣ ሦስት ሚሊ ሜትር እኮ ናት" አለኝ።

"በ37 እና በ40 ዲግሪ ትኩሳት መካከልም ያለችው ሦስት ናት" አልኩት። እሱም የልጅ አባት ነው፤ ዝም አለ።

ጥፋቱ የተገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ከድርጅቱ የተላከው ፋይል የተዘጋጀው አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት ሌተር በሚባለው ገጽ ነው፤ ስፋቱ 216 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው ኤ4 ደግሞ 210 ነው። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዘው "ከገጹ ጋር አስማማ" የምትለውን ምልክት ይዞ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ 97 ፐርሰንት ግድም አሳነሰው። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ የልጅ ልጄን እግር ለጫማ እንድለካበት የላከችልኝ ወረቀትም ባለፈው ዓመት እንዲሁ አንሶ ታትሞ ነበር፤ ጫማው ሲመጣ ለእግሩ ሰፋው። ጫማውስ በካልሲ ይሞላል።

ምልክቷን አጥፍተው መቶ ፐርሰንት አደረጉት። በዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ግን "ቆይ አክስቴ፣ ገና ነው" አለ። ባዶ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አተመ፤ አንዱ በወርድ፣ አንዱ በቁመት፣ ሁለቱም 200 ሚሊ ሜትር እንዲሆኑ የታዘዙ። ለምን ረጅም መስመር እንደሚያትም ስጠይቀው "አጭር መስመር ላይ ስህተት ይደበቃል" አለኝ። የወርዱ ልክ ወጣ። የቁመቱ ግን 199 ሆነ፤ ጥቅሉን የሚስበው ጎማ ትንሽ አሳንሶ ይገፋዋል ማለት ነው። ማሽኑ ውስጥ የታዘዘውንና የተለካውን ቁጥር አስገባ፤ ማሽኑ ራሱን አረመ። እንደገና አተመ፤ 200 ሆነ።

ቀጥሎ የመቁረጡ ነገር መጣ። ማሽኑ ከሥዕሉ ጋር አራት ጥቁር ምልክቶች በማዕዘን በማዕዘኑ ያትማል። ከምላጩ አጠገብ ያለች ትንሽ የብርሃን ዓይን እነዚያን ምልክቶች ፈልጋ "ሥዕሉ እዚህ ነው ያለው" ብላ ለምላጩ ትነግረዋለች። ዓይኗና ምላጩ በትክክል ካልተናበቡ ኅትመቱ ልክ ሆኖ ቁርጡ ይዛነፋል። በዚህች መለኪያ ደግሞ ቁጥሩ የሚነበበው በተቆረጠችው መስኮት ጠርዝ ላይ ነው። መስኮቷ ወደ ቁጥሮቹ 2 ሚሊ ሜትር ብትጠጋ፣ 113 የሆነ ክንድ 115 ይባላል፤ ልጁ አሁንም ከቀዩ አመለጠ። ልጁ አራት ማዕዘን አሳትሞ በዙሪያው አስቆረጠው። ቁርጡ ወደ ግራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ሸሽቷል። ያንን ቁጥር አስገብቶ ደገመው፤ ትንሽ ቀረው። በሦስተኛው ምላጩ መስመሩ ላይ ሄደ። የምላጩንም ጥልቀት አስተካከለ፤ ሲበዛ የጀርባውን ወረቀት ይበሳል፣ ሲያንስ ጠርዙን ያንጨፈርረዋል። ይህ ሁሉ የተሞከረው ሥራው በሚሠራበት በዚያው ወረቀት ላይ ነው እንጂ በርካሽ ወረቀት አይደለም፤ ሌላ ወረቀት ሌላ አካሄድ አለው። አዲስ ጥቅል በገባ ቁጥርም እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። ከየ50ው አንዱን አንስተው በብረት ማስመሪያ እንዲለኩና በደብተር እንዲጽፉ ነው። እኛ የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ጠዋትና ማታ እየጻፍን በር ላይ እንሰቅል የለ፣ እንደዚያ። ባለቤቱ ደብተሩን ከገዛ ኪሱ አስገዛ።

እግረ መንገዴን ለአያቶች፦ እንዲህ ያለ መለኪያ በቴሌግራም ደርሷችሁ ሰፈር ካለው ኮምፒውተር ቤት የምታሳትሙ ከሆነ፣ "መቶ ፐርሰንት አድርገህ አትምልኝ" በሉት፤ ከዚያም በማስመሪያ ለኩት። ክንዱ የሚለካው በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል፣ ልጁ እጁን ዘና አድርጎ አውርዶ ነው፤ መለኪያው ይንካው እንጂ አይጫነው። የሁለቱ እግሮቹ ጀርባ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ጎድጉደው ከቀሩ ግን መለኪያው አረንጓዴ ቢልም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እብጠትን መለኪያ አያይም።

600ዎቹ ቀሩ። ባለቤቱ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ልስጣቸውና ልጆቹ ቀለም ይማሩባቸው አለ። አሳቡ ደግ ነው፤ እኔ ግን እነዚያ ነገሮች ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሄዱ አንድ ቀን የሕፃን ክንድ ላይ እንደሚያርፉ ስላወቅሁ እንቢ አልኩ። በትልቁ መቁረጫ ሃያ ሃያውን እያነባበርን መሃል ለመሃል ቆረጥናቸው። ባለቤቱ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

"እንግዲህ ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም፣ ሲስተር" አለኝ።