ታንኳችን ወደ ጎርጎራ የሄደበት ሌሊት

በዚህ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ተገኘ ድል ነው። እኔ የምጽፈው ግን ከአምስት ቡድኖች መካከል አራተኛ ስለ ወጣንበት ውድድር ነውና መምህራንም ወላጆችም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠርቶ የማቅረብ ውድድር አደረገ። በሌላው ዓለም ይህ የታወቀ ነገር ነው። ሉደም ዴር የሚባለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002፣ ግሎባል ጌም ጃም የሚባለው ደግሞ በ2009 ተጀምረዋል። ርእሱ የሚገለጠው ሰዓቱ መቆጠር ሲጀምር ነው። በ2013 በግሎባል ጌም ጃም ርእሱ ቃል እንኳ አልነበረም፤ ለተወዳዳሪዎቹ የልብ ምት ድምፅ ብቻ አሰሟቸው። በዚያው ጊዜ በ48 ሰዓት የተሠራ አንድ የቀዶ ሕክምና ጨዋታ በኋላ ለገበያ ቀርቦ በብዙ አገር ታወቀ። እኔን ያጠፋኝ ይህን ታሪክ አስቀድሜ ማንበቤ ነው።

ለእኛ የተሰጠን ርእስ «መሻገር» የሚል ነበር። በፋሲሎ ያደገ ልጅ መሻገር ሲባል ከጣና በቀር ምን ይታየዋል? ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ የደንገል ታንኳ እንሥራ ብለን ሦስታችንም ወዲያው ተስማማን። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ጉማሬ ጨመርሁ፤ እምቦጭ ጨመርሁ፤ ማዕበልና ገበያ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የእንጨት ዋጋ፣ በመጨረሻም የሐይቁን ደሴቶች በሙሉ። ሥዕል የሚሥለው ጓደኛዬ «ይህ ሁሉ በሁለት ቀን?» ቢለኝ እንደ ፈሪ ቈጠርሁት። ከዚህ በፊት አንድም ጨዋታ ሠርቼ አልጨረስሁም ነበር።

የሠራንበት መሣሪያ ጎዶት ይባላል። ሁለት አርጀንቲናውያን ሠርተውት በ2014 ለሁሉ በነጻ የለቀቁት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ለእኛ ቤት ተስማሚ ነው። ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታንኳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ወደ ባሕር ዳር መውረዱን ትቶ፣ ቂጡን አስቀድሞ ወደ ላይ ወደ ጎርጎራ ይገሰግስ ጀመር! የድምፁን ሥራ የያዘችው የክፍላችን ልጅ ወደ ቤቷ የሄደችው ገና በጊዜ ነው፤ ሳቋን ሳልሰማ ቀረሁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ደረቴ ተጨንቋል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የቀረውን ሰዓት በየደቂቃው እቆጥራለሁ። በመጨረሻ ወደ ጓደኛዬ ዞሬ «ሥዕሉን ገልብጠህ ሠርተህ ነው! አንተን ይዞ መወዳደር እንዲህ ነው» አልሁት። አንድ ቃል አልመለሰም። ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ቤቱ ከእኛ ሦስተኛው በር ነው።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ ይዛ መጣችና ብቻዬን ተቀምጬ አገኘችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ ስለ ጓደኛዬ የተናገርሁትን ግን ዘለልሁት። እርሷም «አንተ ልጅ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሰባት ዓይነት ወጥ የሚጥድ ማን አለ? አንዲቷን ሽሮ አብስለህ አቅርብ። አሁን ተኛ» አለችኝ። ተቈጣሁ፤ ግን ተኛሁ።

ጧት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ጽሑፉን እንደ ገና ሳነብ ስሕተቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሒሳብ ክፍል ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ላይ እንወጣለን፤ በጎዶት ሰሌዳ ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ወደ ታች ይወርዳል። መደመር ሲገባኝ የቀነስሁ እኔው ነኝ። ሥዕሉ ምንም አልነበረበትም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ጧት ከእኛ በር እስከ ሦስተኛው በር ያለችው መንገድ ዘጌ ደርሶ ከመመለስ ረዘመችብኝ። ጓደኛዬ ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምልክቱን አሳስቼ ነው» አልሁት። «ሌሊት የተናገርኸውስ?» አለኝ። «እርሱም የእኔ ነው» አልሁ። ብዙ ዝም አለና «ጉማሬው አንድ ብቻ ይሁን፤ ደሴቶቹ ይቅሩ» አለኝ። ይህን በሌላ ጊዜ ቢለኝ እሟገተው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አያስወራም። ገበያውን ጣልነው፤ ማዕበሉን ጣልነው። የቀረው ታንኳ፣ እምቦጭና አንድ ጉማሬ ነው። ቅዳሜ ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጫወቱት ነገር በእጃችን ነበር፤ እሑድን ሙሉ ያጠፋነው በማስተካከል ነው። ጓደኛችንም የመቅዘፊያውን ድምፅ ከሐይቁ ዳር በስልኳ ቀድታ አመጣች። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ የተረፈውን ሰዓት ግን መቁጠር ተውሁ።

እሑድ ሲቀርብ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተጫወተው። በሦስተኛው ጊዜ ጉማሬው ከውሃ ወጥቶ ወደቡ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ዳኞቹ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ጨዋታው እስከ ዛሬ በክበቡ ኮምፒዩተር ላይ ስላለ የፈለገ መጥቶ ሊጫወት ይችላል። ወደቡ አጠገብ ሲደርስ ግን ወደ ቀኝ ይያዝ፤ ጉማሬው አሁንም እዚያው ነው።