ወገብን በሜትር ስለ መለካት

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስናገለግል የሌላውን ሰው ቃል አጥርተን መጻፍ ለመድን፤ የገዛ ሰውነታችንን ነገር ግን ሳንመረምር ኖርን። በሚዛን በቆምን ጊዜ ክብደታችን ከዐሥር ዓመት በፊት ከነበረው እምብዛም ስላልተለየ ደስ ብሎን ተቀመጥን። ነገር ግን ወንበር ላይ ሲውል የኖረ ሰው ጡንቻው እየሳሳ ስቡ እየበዛ ሚዛኑ ባለበት ሊቀር ይችላል። ሚዛን ሁለቱን ለይቶ አይናገርምና። ሸማና ካባም የሆድን ነገር ይሰውራል።

አምና ታላቅ ወንድማችን በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው ተቆረጠ። እኛም ፈርተን ሐኪም ብንጠይቅ፣ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ለዚህ በሽታ መንገድ ከሚከፍቱት አንዱ መሆኑን ነግረው ወገባችንን እንድንለካ አዘዙን።

ባለቤታችን የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥተው «እስቲ ይቁሙ» አሉን። ሜትሩ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሳይዘነብልና ቆዳን ሳያጠብቅ ይዞራል። 94 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ትንፋሻችን እስኪወጣ ቢጠብቁ 102 ሆነ። በመሐላ የሚሰጠውን ምስክርነት ስንጽፍ የኖርን እኛ በገዛ ሆዳችን ሐሰት መሰከርን!

ሒሳቡን ኦሪሰን ዎልኮትና ሪቻርድ በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ አውጥተውታል። ይኸውም ቁመትን ለወገብ አካፍሎ በ20 ማባዛት፣ የተገኘውንም ለወንድ ከ64፣ ለሴት ከ76 መቀነስ ነው። ቁመታችን 170 ስለሆነ ከሰውነታችን ከመቶው 31 ያህሉ ስብ ሆኖ ተገኘ። በሐሰቱ ልክ ግን 28 ብቻ ይሆን ነበር። የባለቤታችን ቁጥር እንዳይጻፍ ስለ ታዘዝን አልጻፍነውም።

ይህ ግምት እንጂ እንደ ሐኪም ቤት መሣሪያ የጠራ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ማካፈል የሚያስቸግረው ሰው ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ እንዳይበልጥ ይመልከት። የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያም በ2022 ይህንኑ መክሯል። የኛ እኩሌታ 85 ነው፤ ስለዚህ ከቤት እስከ ፍርድ ቤት በእግር መሄድ ጀመርን።

ሜትሩ አሁን በር አጠገብ በሚስማር ተሰቅሏል፤ በየወሩ መባቻ ከቁርስ በፊት እንለካለን። ባለፈው ወር 100 ሆነ። ባለቤታችን ግን ትንፋሻችንን ገና አላመኑም።