በወረቀት ላይ የቀለለ ሸክም

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በቦሌ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ለዘመድ የተላከው አደራ ሁሉ ይታጨቃል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው ኪሎ ካለፈ ደግሞ ትርፉ ወጥቶ ወደ እጅ ሻንጣ ይገባል፤ ልብስ ይደራረባል፤ ኪስ ይሞላል። “ለዚህ ሁሉ አውሮፕላን ሁለት ኪሎ ምን ያመጣል?” ይባላል። ሰው ለመሸኘት በሄድኩ ቁጥር ይህን ጥያቄ እሰማ ስለነበር፣ ስለ አውሮፕላን ጭነት ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ።

አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የሰው፣ የሻንጣና የነዳጅ ክብደት ተደምሮ በጭነት ሰነድ ላይ ይሰፍራል። አብራሪው በምን ፍጥነት ከመሬት እንደሚለቅ የሚወስነው ያንን ቁጥር ይዞ ነው። ድምሩ ልክ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ይታያል። ወደ ጭራው ከበዛ አፍንጫው ያለ ልክ ወደ ላይ ይነሳል። ይህን የይፋት ቆላ ግመል ጫኝ ሳይማር ያውቀዋል። በግራና በቀኝ ያለው ጭነት ካልተመጣጠነ ሸክሙ ያጋድላል፤ ግመሏም መንገዱን አትጨርስም።

የቦታው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም የሚችሉት ጭነት ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለዓመታት ነዳጅ ለመሙላት ደብሊን ላይ ያርፍ የነበረው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ኪሎ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም።

ይሁንና ሻንጣው ሲመዘን ሰዉ አብዛኛውን ጊዜ አይመዘንም። በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስም አማካይ ክብደት ይያዝለታል። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ 21 ሰዎችን የያዘች አነስተኛ አውሮፕላን ተነስታ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ወደቀች። ከሞት የተረፈ አልነበረም። ከአደጋው ምክንያቶች አንዱ የጭራዋ መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ጊዜ በትክክል አለመስተካከሉ ነበር። ሌላው ክብደቷ ነው። በወረቀቱ ላይ ጭነቷ ልክ ነበር፤ ሲመረመር ግን ከተፈቀደው 260 ኪሎ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ያውም ወደ ኋላ ያጋደለ። መርማሪዎቹ እውነተኛውን ክብደት ለማወቅ የሟቾቹን ቤተሰቦች መጠየቅ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አማካዩ ክብደት ከፍ እንዲል ተደረገ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ደግሞ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም የተነሳ ቦይንግ 737 ላይ 38 ሴቶች እንደ ሕፃን ተቆጠሩ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተሠራበት አገር “ሚስ” የሚለውን መጠሪያ ለሕፃናት ስለሚጠቀምበት፣ እኛ ወይዘሪት የምንላቸው አዋቂ ሴቶች የሕፃን ክብደት ተያዘላቸው። ሰነዱ ከእውነተኛው ክብደት 1,244 ኪሎ ጎደለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ደረሱ። ግን ክንፉ የተሸከመው በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን እውነተኛውን ሰው ነበር።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጣው የእሁድ ሰላምታችን ነው። “እንዴት ነህ?” “ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።” ምስጋናው ውሸት አይደለም፤ በመከራ ውስጥም ይመሰገናል። ነገር ግን ሁላችን በአንድ አማካይ ክብደት ተመዝግበን ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ የአንዱን እውነተኛ ሸክም ሌላው ሳያውቀው ይቀራል።

ከኅብረታችን አንዲት እህት ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ስትነሳ የሽኝት ጸሎት አደረግንላት። ዘመርን፤ “ጌታ ይቅደምሽ” አልናት። ስንጨርስ አንዲት እናት ለብቻዋ ወሰዷትና “ልጄ፣ ስንት ብር ተበደራችሁ? ምንስ አስያዛችሁ?” ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አለቀሰች። የማሾ ማሳቸው በወለድ አገድ ተይዞ ነበር። ቶሎ ገንዘብ ካልላከች ታናናሽ ወንድሞቿ ትምህርት ያቆማሉ። ይህን ለጓደኞቿ እንኳ አልተናገረችም። እኚያ እናት ፈቃዷን ጠይቀው ለሁለት ሽማግሌዎች ነገሩ፤ ሽማግሌዎቹም አበዳሪውን ለምነው የመክፈያውን ጊዜ አስረዘሙላት። የወንድሞቿን ደብተርና ልብስ ኅብረቱ ያዘ። ዕዳው አልተሰረዘም፤ እርሷም ሄደች። ግን እውነተኛው ክብደቷ ታውቆ ሄደች። እኚያ እናት ዛሬም ስልክ ሲደውሉላት “ደህና ነሽ?” ብቻ ብለው አይዘጉም፤ “ስንት ቀረ?” ይሏታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 6 አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ያዘናል። እዚያው ምዕራፍ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከምም ይናገራል። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። የራሴን ሸክም መሸከም የሚጀምረው ስንት ኪሎ እንደሆነ በእውነት ከመናገር ነው፤ የሌላውን መሸከም ደግሞ ቁጥሩን ከመጠየቅና በምስጢር ከመጠበቅ ነው። ሸክሙን የሰማ ሰው ለወሬ ካዋለው፣ ያ ወጣት ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ሁሉን ለሁሉ ተናገሩ አልልም። ጌታ እውነተኛውን ክብደታችሁን ያውቃል፤ ከእርሱ የሚደበቅ ኪሎ የለም። በምድር ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው የታመነ ሰው ይኑራችሁ። በዚህ ሳምንት በኅብረታችሁ ከአንድ ሰው ጋር ለብቻችሁ ተቀመጡ፤ “ደህና ነኝ” ካላችሁም በኋላ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አንዳችሁ ለሌላው በስሙና በልኩ ጸልዩ።