ከመንቀላችሁ በፊት

እዚህ አሽዶድ አንድ ወጣት ከአባቱ የወረሳትን ጂፕ ሲጄ-7 ይዞልኝ መጣ። ካርቡሬተሩን ነቅሎ፣ በቦታው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ገጥሟል። ቁልፍ ሲነካ ወዲያው ተነሣች፤ የሞተሯ ድምፅ ያምራል። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን በጎማ ቱቦው ሥር ባሳልፍ ግን ጣቴ ረጥቦ ወጣ። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው።

ቱቦው የድሮው ነው። የካርቡሬተር ፓምፕ የሚገፋው በ0.3 ባር አካባቢ ነው። ካርቡሬተሩ የነበረበት ቦታ ላይ የሚቀመጠው ኢንጀክሽን ግን ወደ አንድ ባር ይፈልጋል፤ ለየሲሊንደሩ የሚረጨው ደግሞ ከሁለት ባር ያልፋል። ለካርቡሬተር የተሠራ ጎማ ይህን ግፊት አይችልም።

መለወጡን አልቃወምም። የዚህች ጂፕ 4.2 ሊትር ሞተር ካርቡሬተር ጥቃቅን ቀዳዳዎች በትንሽ ቆሻሻ ይደፈናሉ፤ ያን ጊዜ መኪናዋ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። አሸዋ ላይ ስታዘነብል ደግሞ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ሞተሩ ይታፈናል። ልጅ ሆኜ ሊማሊሞን ስንወጣ፣ ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦ ውስጥ እየተነነ መኪናው ሲቆም፣ ሾፌሩ ወርዶ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠቀልል አይቻለሁ። ደባርቅ ስንደርስ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፣ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢንጀክሽን ግን አየሩን ለክቶ ይሰጣል። ጂፕ ራሱም በ1991 እ.ኤ.አ. 4.2ቱን ትቶ ኢንጀክሽን ባለው 4.0 ሊትር ተክቶታል።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። «ልጄ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ብቻ ክፈት» አልኩት። ከፈተ። ከሳልባትዮው በኩል የኤሌክትሪክ ፓምፑ እዝዝ አለ። አንድ ደቂቃ ቆየን፤ አላቆመም።

«ጋሼ፣ ጥሩ እየሠራ ነው እኮ» አለኝ።

«ብትገለበጥስ?»

ዝም አለ።

የድሮውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው የሞተሩ ካምሻፍት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ማንም ሳይጽፍበት፣ ማንም ሳያስተውለው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። ልጁ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ስላገናኘው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቱቦው ተበጥሶ፣ ሰው ውስጥ ተይዞ እያለ ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል።

በዚያው ቀን ፓምፑን በኮምፒውተሩ በሚታዘዝ ሪሌ በኩል አዞርነው፤ ሞተሩ ካልዞረ መስመሩ ይዘጋል። ግጭት ሲኖር የሚቆርጥ ማጥፊያም ጨመርንበት። ቱቦውን በሙሉ ለግፊቱ በተሠራ ቀየርን።

ካርቡሬተሩን ለማቆየት ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ ሞተር የቤንዚን ማጣሪያ ሦስት አፍንጫ አለው፤ ሦስተኛው ትነቱን ወደ ሳልባትዮ የሚመልስ ነው። ማጣሪያውን ስትገጥሙ ይህ አፍንጫ ወደ ላይ ይሁን። ትነት ወደ ላይ ነውና የሚሄደው፣ ወደ ታች ካዞራችሁት መውጫ ያጣል። ብዙ ሰው ባለ ሁለት አፍንጫ ይገጥምና በነሐሴ ሙቀት መንገድ ላይ ይቆማል።

ወገኖቼ፣ የአባቶቻችሁን መኪና አድሱ፣ ለውጡ። ግን አንድ ዕቃ ከመንቀላችሁ በፊት ሥራው ምን እንደነበር ጠይቁ፤ አዲሱ ያንን ሥራ ካልሠራ፣ የሚሠራውን ሳትጨምሩ ቁልፍ አትንኩ። የነቀላችሁትንም አትጣሉ። የልጁ አባት ካርቡሬተር ዛሬ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።